የአባቴ ዳሊያ ለምን እምቢ አለ

ልጅ እያለሁ ዳሊያን ያወቅኩት ከአበባው በፊት በሥሩ ነው። አበባውንማ ማንም ያውቀዋል፤ መስከረም ላይ በየአጥሩ ጥግ ቀይና ነጭ ሆኖ ሲደረደር አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ሥሩን ግን የሚያውቀው ከአልጋ ሥር የተቀመጠ ጆንያ ከፍቶ ያየ ሰው ብቻ ነው። ስኳር ድንች የሚመስሉ፣ ከአንድ ደረቅ ጉቶ ላይ በአንገታቸው የተንጠለጠሉ፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን የሆኑ ነገሮች ናቸው። ባለፈው ሚያዝያ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ጉቶ በፌስታል ይዛ መጥታ ለሁለት እንካፈለው ስትለኝ እጄን ሰብስቤ ቀረሁ። ለብቻሽ ትከይው አልኳት። ምን ነካሽ አለችኝ። ምን እንደነካኝ ለመናገር ይሄን ሁሉ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው።

ቤታችን መካነ ሰላም ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ነበር። እዚያ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከተማችን ብርድ አይጠፋትም። ዳሊያ የክረምቱ ዝናብ ተጠብቆ መሬት ላይ ከተተከለ አበባው ይዘገያል፣ ከዚያ ውርጩ ይደርስበትና በአንድ ሌሊት እንደተቀቀለ ጎመን ያጠቁረዋል። ስለዚህ እናቴ ሚያዝያ ሲገባ ሥሩን ከገብስ ጭድ ውስጥ አውጥታ በጣሳ ታስጀምረው ነበር። ጣሳው የዘይት ነው፣ የቀለም ነው፣ አክስቴ ከጅዳ የላከችው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው። ቂጡን በምስማር ትበሳዋለች፣ አሸዋና የደረቀ ፍግ ከአፈር ጋር ትደባልቃለች፣ ሥሩን አጋድማ ታስተኛውና አንገቱን ብቅ ታደርገዋለች። ቀን ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ማታ ቤት ይገባል። የማስወጣትና የማስገባቱ ሥራ የእኔ ነበር። እርጥብ አፈር ከዛገ ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። የፈተና ሰሞን ለእኔ የሚሸተው እንደዚያ ነው።

ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ግን ጣሳው ሁለት ረድፍ ሆነ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን ሸህ ይመር ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ሳሎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አባቴ መሬት መሬት ያያል። እናቴ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። አባቴ እናቴን ፈቷት ነበር። ለምን እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም በደንብ አይገባኝም። አልተደባደቡም፣ አልተሰዳደቡም። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር፤ ከመጋዘኑ ይመጣል፣ ይበላል፣ ሬዲዮ ይሰማል፣ ይተኛል። እናቴ ወደ ቤተሰቦቿ እሄዳለሁ ስትል ከረመች፣ እሱም በመጨረሻ እንግዲያው ሂጂ ብሎ ፈታት። የሰማሁት ይሄን ያህል ነው።

የባሰ ግራ ያጋባኝ ደግሞ ከተፈታችም በኋላ አለመሄዷ ነው። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ዒዳ የሚባል ነገር አለ። ሴት ከተፈታች በኋላ ሦስት ወር ገደማ እዚያው ባሏ ቤት ትቆያለች። በመካከሉ ልብ ከገዙ አዲስ የጋብቻ ኒካህ ሳያስሩ ይታረቃሉ፤ ካልሆነ ጊዜው ሲያልቅ ትሄዳለች። ለእኔ ይሄን ማን ይንገረኝ። የማየው እናቴና እኔ ጓዳ፣ አባቴ ሳሎን መተኛታችንን፣ ደግሞም ሁለቱ ከበፊቱ በበለጠ ትህትና እንዴት አደርክ እንዴት አደርሽ መባባላቸውን ነው። ጓደኛዬን ትርሲትን አማከርኳት። ትርሲት ክርስቲያን ናት፣ የአጎቷን ፍቺ በዓይኗ አይታለች። ሰኞ ማክሰኞ እየዘለለች፣ የተፋታ ሰው አንድ ቤት አያድርም፣ ስለዚህ አልተፋቱም ብላ ፈረደችልኝ። ደስ ብሎኝ ቤት ስገባ እናቴ ሰሃኖቹን ለሁለት እየከፈለች አገኘኋት።

ከሰሃኖቹ በኋላ ተራው የዳሊያው ሆነ። እናቴ ስታገባ ደጎሎ ካለው ከእናቷ ግቢ ያመጣችው ስለሆነ ጠቅልላ ብትወስደው የሚቃወማት አልነበረም። ሸህ ይመር በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ጉቶዎቹን አዩና፣ ይሄስ የማን ነው አሉ፣ እንደ ቀልድ። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ እኔም እፈልጋለሁ አለ። ሁላችንም ዞረን አየነው። በዕድሜው አንድ ቀን ዳሊያ አጠጥቶ አያውቅም። መስከረም ላይ እንኳ በአበባው መሃል አልፎ መጋዘን ሲሄድ ዞር ብሎ የማያይ ሰው ነው። እናቴ ይምረጥ አለች።

አባቴ ትውልዱ ወደ ወግዲ ነው፣ ያደገው ድንች ሲተከል እያየ ነው። ቢላዋ አምጥቶ ቁጭ አለና ልክ እንደ ድንች ዘር ወፍራም ወፍራሙን እየመረጠ ከአንገቱ በታች ቆራረጠው። ለእናቴ ደረቆቹ ጉቶዎችና እነሱ ላይ የቀሩት ቀጫጭኖች ተረፏት። ሸህ ይመር ራሳቸው አፍረው፣ ለእሷም ከወፍራሙ ጨምርላት እንጂ ሰይድ አሉት። እሱም አፈረ፤ ከሁሉ ትልቁን አንስቶ ዘረጋላት። እናቴ አልተቀበለችውም፣ ይሄ ይበቃኛል አለች። ከዚያ የሆነ ነገር ለመጨመር አፏን ስትከፍት አይቻታለሁ። ሳትናገር መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱ ሸህ ይመርን መንገድ ላይ አግኝቼ እኔ የት ልኖር ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ራሴን ዳበስ አደረጉኝና፣ "አብሽሪ ልጄ፤ ዳሊያው ከጣሳ ወጥቶ መሬት እስኪገባ የሚወሰን ነገር የለም" አሉኝ። እሳቸው ጊዜውን መንገራቸው ነበር፤ ዒዳው የሚያልቅበትና ዳሊያ ወደ መሬት የሚዛወርበት ሰሞን ይገጥማል። እኔ ግን ውሳኔው በዳሊያው እጅ ነው ብዬ ተረዳሁት። የእናቴ ከበለጠ ደጎሎ ልሄድ ነው፣ የአባቴ ከበለጠ እዚሁ ልቀር ነው። ሁለቱም እኩል ከበቀሉ ደግሞ የሚለያዩበት ምክንያት አይኖርም። ስለዚህ እኩል እንዲበቅሉ ማድረግ የእኔ ኃላፊነት ሆነ።

ሁለቱ ረድፎች በረንዳው ላይ ግራና ቀኝ ቆሙ፤ የአባቴ በቀለም ጣሳ፣ የእናቴ በወተት ቆርቆሮ። እንዳላዳላ ስለምፈራ በአንድ ኩባያ እየለካሁ አጠጣቸው ነበር። ጠብታ ውሃ ኩባያው ውስጥ ከተረፈች ለማን እንደምሰጣት ጨንቆኝ እጠጣታለሁ። የበልጉ ካፊያ ጣል ጣል ባለ ሰሞን የእናቴ ረድፍ ነቃ። መጀመሪያ ጥቁር ሐምራዊ ነጥብ ታየ፣ ቀጥሎ እንደ ፍየል ግልገል ጆሮ ያሉ ቅጠሎች ወጡ። የአባቴ ረድፍ አፈሩ እንደተደላደለ ቀረ።

አባቴ መጀመሪያ ላይ አልተጨነቀም፤ ወፍራም ነገር ይዘገያል አለኝ። እየቆየ ግን ጠዋት መጋዘን ከመሄዱ በፊት ጣሳዎቹ ፊት ይቆም ጀመር። አንድ ቀን አፈሩን በጣቱ ገለጥ አድርጎ አንዱን አወጣው። ጠንካራ ነው፣ አልበሰበሰም፣ እንዲያውም ከታች ክር የመሰሉ ነጫጭ ሥሮች አውጥቷል። እንደ ሐኪም አገላብጦ አየውና ሕይወት አለው አለኝ። መልሶ ቀበረው። ሕይወት ካለው ለምን አይበቅልም ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ።

እናቴን ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስትልጥ አግኝቼ ጠየቅኳት። ዓይን የለውም አለችኝ። እጄን ይዛ ወጣችና የራሷን አሳየችኝ። ድንች ዓይኑ በመላ ሰውነቱ ላይ ነው፣ ከየትም ቢቆረጥ ይበቅላል። የዳሊያ ዓይን ግን አንገቱ ላይ፣ ከጉቶው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብቻ ነው፤ ብጉር የምታክል ነገር ናት። ከዚያ በታች የተቆረጠው ውሃ እየጠጣ ዝም ብሎ ይኖራል እንጂ ዕድሜ ልኩን ቅጠል አያወጣም።

"አባዬ ይሄን ያውቃል?" አልኳት።

"አልጠየቀኝም" አለች።

ንገሪው አላለችኝም፣ አትንገሪውም አላለችኝም። ጓዳ ተመልሳ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። እኔ ደግሞ ብነግረው የእሷን ነገር አሳልፌ የሰጠሁ፣ ባልነግረው እሱን ያታለልኩ መሰለኝ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲጠሩኝ አልሰማም ነበር። በመጨረሻ ያገኘሁት መላ አባቴን ጠዋት ጠዋት፣ እማዬን ጠይቃት እኮ ማለት ነው። እሱ ግን ሳቅ ብሎ ያልፈኛል። ሰውን ፈትቶ ስለ አበባ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው፣ አለኝ አንድ ጊዜ። እኔ ደግሞ እንዲጠይቃት ከምንም ነገር በላይ እፈልግ ነበር፤ ከጠየቃት ትመልስለታለች፣ ከመለሰችለት ይበቅልለታል፣ ከበቀለለት እናቴ አትሄድም።

ሰኔ ገባ፣ ደመናው ዝቅ አለ። አንድ ዓርብ አባቴ ከጁምዓ መልስ መጋዘን መሄዱን ትቶ በጊዜ ቤት መጣ። እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ዱካ ስቦ ተቀመጠ፤ በጣም ቅርብም አይደለም፣ ሩቅም አይደለም። ጣሳዎቹን እያየ፣ "ዘይነባ፣ የእኔ ለምን እምቢ አለ?" አላት።

እናቴ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። እንደተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ግን ነገረችው። ዓይኑ የት እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሚቆረጥ ነገረችው። አባቴ ጉልበቱን መትቶ ሳቀ፣ ትልቁን መርጬ በደልኳት ብዬ ስጨነቅ የከረምኩት በከንቱ ነዋ አለ። እሷም ሳቀች። ማን እንዳስተማራት ጠየቃት፣ የገዛ እናቷ እንደሆነች ነገረችው። ሲያብብ ለምን ጫፉ ብቻ ነጭ እንደሚሆን ጠየቃት። ከዚያ ቢላዋ አስመጣችኝና ከራሷ ቆርቆሮ አንዱን ጉቶ አውጥታ ለሁለት ሰነጠቀችው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ቡቃያ እንዲኖረው ተጠንቅቃ። አንዱን ለእሱ ሰጠችው። በገዛ እጁ ተከለው። እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ሲያወሩ እኔ አንድ ባዶ ጣሳ አቅፌ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም፤ ብንቀሳቀስ የሚቋረጥ መስሎኝ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በማግስቱ ለትርሲት ታረቁ አልኳት። አላልኩሽም አለች።

ዝናቡ ገባ፣ ዒዳው አለቀ። አጎቴ ከደጎሎ በሚኒባስ መጣ፣ የእናቴ ሰሃኖችና የወተት ቆርቆሮዎች በካርቶን ተጫኑ። እኔ ፈተናዬ ስላላለቀ፣ ትምህርቴም እዚያው ስለሆነ ከአባቴ ጋር እንድቀር ተወሰነ። እናቴ ሳመችኝ፣ አባቴም ካርቶኑን ተሸክሞ እስከ መኪናው ሸኛት፣ በሰላም ግቢ አላት። እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አዘንኩ ብቻ ብል ውሸት ነው፤ በጣም ተናደድኩ። የጎረቤት ሰው ተጣልቶ፣ ተጯጩሆ፣ ዕቃ ተወራውሮ አብሮ ሲኖር እያየሁ፣ የእኛ ቤት ሰዎች ሲሳሳቁ ውለው ተለያዩ። ይሄን የሚያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ዳሊያው ለሁለቱም በቅሎላቸው ነበር እኮ።

ዛሬ ዳሊያን በጣሳ የሚያስጀምር ሰው እየጠፋ ነው። ችግኙ በጥቁር ፕላስቲክ ቅጠል አውጥቶ መንገድ ዳር ይሸጣል፣ ገዝቶ መትከል ነው። ፍቺም ቀሏል፤ አንዱ ሪያድ ሌላው እዚህ ሆኖ በስልክ ይጠናቀቃል። በዚያ ዘመን ለመለያየት እንኳ ሦስት ወር በአንድ በረንዳ መቀመጥ ነበረ። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። ያ ባይሆን ግን እኔ ያን የዓርብ ከሰዓት አላየውም ነበር፤ ስለዚህ የድሮውን እወዳለሁ።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ባልደረባዬ ያን ጉቶ ካሳየችኝ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ደጎሎ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። አርጅታለች፤ እንደ አባቴ እሷም ሌላ ትዳር አልያዘችም። ስንት ዓመት በአፌ ውስጥ የዋለውን ጥያቄ አወጣሁት። ለምን ሄድሽ፣ ጠይቆሽ ነበር እኮ፣ አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች። "ስለ አበባው ጠየቀኝ። ስለ እኔ መች ጠየቀኝ" አለች። በምሬት አልነበረም የተናገረችው፤ የድሮ ነገር እንደሚያወራ ሰው ነው።

ያኔ እሷ ያላየችውን ነገር ነገርኳት። ከሄደች በኋላ አባቴ ጠያቂ ሆኖ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሬዲዮውን ይዘጋና ዛሬ ማን አስከፋሽ ይለኛል። ይበርድሽ ይሆን፣ ወጡ ጨው በዛበት ወይ፣ ምን ታስቢያለሽ ይለኛል። ኮረዳ ስሆን ጥያቄው አሰልችቶኝ በር ዘግቼበት አውቃለሁ፤ በበሩ ሥር ሆኖ ተቆጣሽ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። እናቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ነግሬ ጨረስኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ሌላስ?" አለችኝ። "ሌላስ ምን ይልሽ ነበር?"