ለምሳ ያልመጣው ዓሣ

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ቀን በቀጥታ የመጣሁት አርካዊት ሰፈር በቤት ሠራተኝነት ከማገለግልበት ቤት ነው። የቤቱ እመቤት ዶክቶራ ሰልማ የዓሣ ነርቭ የሚመረምሩ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናቸው። ወጥ ቤት ውስጥ እጄ ቀልጣፋ መሆኑን አይተው ወደ ቤተ ሙከራቸው ወሰዱኝ።

“ያ ዘሃራ፣ ይህን ቡልጢ አዘጋጂልኝ” ብለው አሁን የታረደ ዓሣ ሰጡኝና ወጡ። ዓሣ አዘጋጂ ሲባል እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ቅርፊቱን ፋቅሁ፣ ሆዱን አጸዳሁ፣ ከምሳ ቋጠሮዬ ሎሚና ጨው አውጥቼ አሸሁበት። ሥጋው እጄ ላይ ፍርግጥ አለ። “ቢስሚላሂ!” ብዬ ሳህኑን ለቀቅሁት።

ዶክቶራ ተመልሰው ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ። “ይሄ እኮ ለምሳ አይደለም!” አሉና ሳቃቸው መጣ። ሥጋው ለምን እንደዘለለም ያስረዱኝ ያን ጊዜ ነው። በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ያለ የነርቭ ሴል ቀጭን ክር ሰድዶ ጡንቻውን ይነካል፤ ክሩ ሲነቃ ጡንቻው ይኮማተራል። ጨው ደግሞ ነርቭ ያነቃል።

ቀስ በቀስ ሙያው ገባኝ። ዓሣውን በቀዝቃዛና ጨዉ በተመጠነ ውሃ ውስጥ አስተኝቼ እከፍታለሁ፤ ክሩን ሳልስብ በወረንጦ ከሥጋው እለያለሁ። ወጥ ቤት እያለሁ ጠቆረ ብዬ የምጥለው የጎኑ ቀይ ሥጋ ለካ ዓሣው ዝግ ብሎ ሲዋኝ የሚሠራበት ነው። ነጩ ለሽሽት ነው፤ ትልልቆቹ ሴሎች ክራቸውን የሚሰድዱት ወደ እሱ ነው። ይህን በማይክሮስኮፕ ያየሁ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የክፍሉ ኃላፊ ግን አልወደዱኝም። “ወጥ ሠሪ እዚህ ምን ትሠራለች?” አሉ። ተማሪዎች ፊት ያዘጋጀሁት ጡንቻ ከተንቀሳቀሰ በቋሚነት እቀጠራለሁ፤ ካልሆነ ወደ ጓዳዬ እመለሳለሁ ተባለ።

ቀኑ ደረሰ። ነርቩን ሳልበጥስ አወጣሁት። ዶክቶራ የኤሌክትሪክ መቀስቀሻውን ሊያበሩ ሲሉ መብራት ጠፋ። “ካህረባ ማፊ፣ መብራት የለም። ኻላስ፣ በቃ!” ብለው ኃላፊው ተነሡ።

ዶክቶራ ወደ እኔ ዞሩ። “ያ ዘሃራ፣ ጨውሽ የት አለ?”

“ከምሳዬ ጋር ነው፣ ዶክቶራ።”

“ያላ፣ አምጪው!”

ሎሚውን ትቼ ጨዉን ብቻ አመጣሁ። ጥቂት ቅንጣት ነርቩ ጫፍ ላይ አደረግሁና ጠበቅን። ጡንቻው ነዘር ነዘር አለ፣ ከዚያ ዘለለ። ተማሪዎቹ ጮኹ። ኃላፊው ጎንበስ ብለው ደጋግመው አዩት። “ጠይብ፣ ይሁን፤ ነገ በሰዓቱ ነይ” አሉኝ።

ወደ ቤተ ሙከራው አዲስ ለምትገቡ የምለው ይኸው ነው። ዓሣ ሲሰጣችሁ ለምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጨው ግን ከምሳ ቋጠሯችሁ አይጥፋ።