አንድ ብርጭቆ ፓል

በቀደም ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ምሳ የጋበዝኳት የልጅ ልጄ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሰ የህንድ ፊልም አየችና ህንዶች ሁሉ የሚናገሩት አንድ ቋንቋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሽሮው እስኪመጣ ጊዜ ስለነበረን ስለ ራጃን አጫወትኳት።

ራጃን በወጣትነቴ ፒኮ ጎዳና አጠገብ አንድ ክፍል የተጋራን የታሚል ተወላጅ ነው። እኔ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሱ ኮሌጅ ውስጥ ስለ ቋንቋዎች አመጣጥ ያጠናል። ሩዙን በእርጎ ለውሶ እንደኛው በእጁ እየበላ፣ ቋንቋው ከሂንዲ ጋር እንደማይዛመድ ያስረዳኝ ነበር። ወገኖቹ ድራቪዲያን ይባላሉ፤ ታሚሉም፣ ቴሉጉውም፣ ማላያላሙም ደቡብ ህንድ ነው ያሉት። ብራሁዊ የምትባል አንዷ ብቻ ከሁሉ ተነጥላ ፓኪስታን ተራሮች ውስጥ ትነገራለች። ድሮ ድራቪዲያኖቹ ያን ሁሉ አገር ይዘው ኖረው እሷ እዚያው የቀረች ትሁን ወይስ ኋላ ከደቡብ የተሰደደች፣ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። እኔ እንደሆንኩ እዚህ ላይ ሲደርስ እንቅልፌ ይመጣ ነበር።

ጃካራንዳው ሐምራዊ አበባውን መንገዱ ላይ በሚያራግፍበት ሰሞን ራጃን የትምህርቱን የሚከፍልበትን ሥራ አጣ። ሌላ ካላገኘ ትምህርቱን አቋርጦ አገሩ መግባቱ ነው። ምግብ ቤት የነበራቸው እትዬ አስካለ ይህን ሰምተው ዝም አላሉም። ሚድ ዊልሻየር ሰፈር የሚኖር አንድ ህንድ ደንበኛቸው፣ እናቱን የሚጦርለት የአገሩን ሰው ይፈልጋል። ራጃን ሂንዲ እንደማይችል ነገርኳቸው።

«ተው እባክህ፣ እኔን የህንድ ፊልም አይቼ ያደግኩትን ልታስተምረኝ ነው? ህንድ ለህንድ ይግባባል። ሶ፣ ነገ ድራይቭ አድርገህ ውሰደው» አሉኝ።

ወሰድኩት። ደንበኛው ለካ ህንድም አይደለም፤ ፓኪስታናዊ ነው። የሂንዲ ዘመድ በሆነው በኡርዱ ሲያናግረው ራጃን እንደማይችል በእንግሊዝኛ መለሰለት። ሰውየው ቅር አለው። እናቱ ካረጁ ወዲህ ኡርዱውን እየረሱ በልጅነት ቋንቋቸው ብቻ እንደሚያወሩ፣ እሱ ግን ከተማ ስላደገ ያን ቋንቋ እንደማያውቀው በእንግሊዝኛ ነገረን። ቢያንስ ኡርዱ የሚችል ሰው እንደሚሻለው ገልጾ ወደ በሩ ሸኘን።

ይሄኔ አሮጊቷ ከተቀመጡበት እጃቸውን ዘርግተው «ፓል» አሉ። ልጃቸው ውሃ ሰጣቸው። ብርጭቆውን ገፉትና ደግመው «ፓል» አሉ።

ራጃን ባለበት ቆመ። ከዚያ ሳያስፈቅድ ወጥ ቤት ገብቶ ፍሪጁን ከፈተና ወተት ቀድቶ አመጣላቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ሳያሳርፉ ጠጡት። ሲጨርሱ ጉንጩን እየዳበሱ ብዙ ነገር አወሩት፤ አንዱም አልገባውም፤ ግን ዕንባው መጣ። የአሮጊቷ የልጅነት ቋንቋ ለካ ያቺ የተነጠለችው ብራሁዊ ነበረች። ፓል በሱም በሳቸውም ቋንቋ ወተት ነው።

ልጃቸው ይህን አይቶ ሐሳቡን ቀየረ፤ ራጃን በማግስቱ ሥራ ጀመረ፤ ትምህርቱንም አላቋረጠም። እትዬ አስካለ «አላልኩህም?» አሉኝ። በሁሉም ነገር ተሳስተው ልክ ሆኑ።

ሽሮው መጣ። ማን ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ዛሬም አላውቅም፤ ብዙም አያስጨንቀኝም። የማስበው አሮጊቷን ነው። እኔም እንደሳቸው አርጅቼ እንግሊዝኛው ከአፌ የሚጠፋበት ቀን ሊመጣ ይችላል።

«ወተት ምን ማለት ነው?» ብዬ የልጅ ልጄን ጠየቅኳት።

«ሚልክ ነዋ» አለች፣ እየጎረሰች።

እፎይ አልኩ።