ጋሼ ወዳጆ ያልረገጡት ሣር

ጋሼ ወዳጆ መሐል ሜዳ አጠገብ ጓሳ በሚባለው ደጋ የሣር ጠባቂ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያህል በዚያ ብርድ በፈረስ ዞረዋል። ሣሩ ተዘግቶ ይከርማል፤ በአገር ውሳኔ ሳይከፈት በግ ያስገባ ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ከዓይናቸው አያመልጥም ነበር። እኔ ተገኘ ደግሞ አብሬያቸው የምዞር ጠባቂ ነበርኩ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ጓሳን ሊያዩ የመጡ እንግዶች ሁለታችንን ስሎቬኒያ ወደምትባል ትንሽ የፈረንጅ ሀገር ጋበዙን፤ ለአሥር ቀን። ያኔ የጋሼ ዓይን መድከም ጀምሮ ነበር። የቅርቡ ይጠፋቸዋል፣ የሩቁን ግን ያያሉ። አውሮፕላን ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው፣

«አንተ ተገኘ፣ ደህና አድርገህ እይ። ኋላ ሲጨልምብኝ ትነግረኛለህ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ሰው ፊት አንገቴ ቀና አይልም።

ዋሻውን፣ የወይኑን ኮረብታ፣ ባሕሩን አዞሩን። ጋሼ በመኪናው መስኮት እያዩ፣ «ኧረ እቺ ሀገር! እኛ ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ እስክንደርስ እኮ ዳር እስከ ዳር ታልቃለች!» እያሉ አስተርጓሚያችንን እስከዳርን ያስቋታል። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

አንድ ቀን ተራራ ላይ ምሳ ልንበላ ከመኪና ወረድን። ሣሩ እስከ ጉልበት ቆሟል። ጋባዦቻችን ምንጣፍ ይዘው ሊገቡ ሲሉ ጋሼ በትራቸውን ዘረጉ።

«ቁም! ይሄ ሣር ተዘግቷል!»

«ማን ዘጋው ጋሼ?» አለች እስከዳር።

«ካልተዘጋማ እንዲህ ሆኖ ይቆማል? ባለቤቱ ሳይፈቅድ አልረግጥም።»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። እስከዳር ከታች ካለው ቤት ባለቤቲቱን ይዛ መጣች፤ ባልቴት ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«በየዓመቱ መንገደኛ ሣሬን ይረግጥብኛል። የጠየቀኝ ግን ይኸው እሱ ብቻ ነው» አሉ። ቤታቸው ወስደው ዳቦና ማር አበሉን።

አሁን የጋሼ ዓይን ጨርሶ ጠፍቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተቀምጠን «በል ንገረኝ» ይሉኛል። እኔም ከእስከዳር የሰማሁትን እየቀጣጠልኩ አወራለሁ። ባለፈው እሑድ የተራራውን ጫፍ ጠየቁኝ። ከዚህ በላይ መዋሸት አልፈለግሁም።

«ጋሼ፣ ይማሩኝ። አላየሁትም። ሰው አፍሬ እንዳቀረቀርኩ ነው የተመለስኩት። መሬት መሬቱን ነው ያየሁት።»

 ተቀየሙኝ ብዬ ፈራሁ።

«ጫፉንማ እኔ አይቼዋለሁ» አሉኝ፤ «በረዶ የመሰለ ነጭ ድንጋይ ነው። እኔን ያመለጠኝ መሬቱ ነው። ሴትዮዋ ምን ተጫምተው ነበር?»

«ቦቲ። ጭቃ የያዘ፣ አንዱ ተረከዙ ላይ የተለጠፈ።»

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። «እኔ ደግሞ እመቤት መስለውኝ! የኛው ሰው ናቸው በለኛ!»

ከዚያ በሣሩ መሐል ያለውን ቢጫ አበባ ነገርኳቸው፤ ዋሻው ውስጥ እግራችን ሥር የሚንጠባጠበውንም ውኃ። አስቀዳሹ ሁሉ ቤቱ ገብቷል። እኛ ገና ባሕሩ ጋ አልደረስንም።