ክብሪት የጫኑት ሽማግሌ

ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት በምትሄደው ጀልባ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢያቸው ጭስ ጭስ ይሸታል። ቅንድባቸው ተለብልቧል፤ ዓይናቸውም እንደ በርበሬ ቀልቷል። ጉልበታቸው ላይ አንድ ካርቶን ክብሪት አስቀምጠው፣ ውኃ እንዳይነካው በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነውታል።

«ይህ ሁሉ ክብሪት ምን ያደርግልዎታል አባቴ?» አልኋቸው።

«ለመንደሬ ነው» አሉ። «ወጣቱን ለውትድርና ወሰዱት፤ የቀረውን ለሰፈራ ጫኑት። የሣር ክዳን ጭስ ካላገኘ ምስጥ ይበላዋል። ሲመለሱ ቤታቸው ቆሞ ይጠብቃቸው ብዬ፣ በየጎጆው እየዞርሁ እሳት አነድዳለሁ።»

የመንደሩን ስም ሲነግሩኝ አወቅሁት። ለሥራ በተሻገርሁ ቁጥር ከሁሉም ጣሪያ ጭስ ሲወጣ እያየሁ፣ እንዴት ያለ ሰው የሞላበት አገር ነው እል ነበር።

«ታዲያ ከእርስዎ ሌላ ማንም የለም?»

«ጎረቤቴ ወለተ ጊዮርጊስ ነበረች። እሷንም በኅዳር ቀበርኋት።»

ጀልባዋ የደሴቱን ጥግ ስትዞር መንደሩ ብቅ አለ። ሽማግሌው ከትናንት ጀምሮ ባሕር ዳር ነበሩ፤ ጎጆዎቹም ቀዝቅዘው ጭር ብለዋል። ከአንድ ዋርካ ሥር ካለችው ጎጆ ብቻ ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ዞር ብዬ አየኋቸው። አልደነገጡም።

«የወለተ ጊዮርጊስ ቤት ነው» አሉ። «እኔ ስዘገይ እሷ ታነድዳለች።»

ጀልባዋ ዳር ስትጠጋ ካርቶኑን ከፈቱና አንድ ፓኮ ለይተው በእጃቸው ያዙ።

«የሷም አልቆ ይሆናል» አሉኝና ወረዱ።