በአባቴ ያፈርኩበት የእሁድ ምሳ

የልጄ ጓደኛ እናት ሮም ልትሄድ ተዘጋጅታ ነበር። በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጇን ይዛ አሥር ቀን ልትቆይ አስባ፣ ከልጅ ጋር የሚገባባቸውን የሮም ምግብ ቤቶች ከኢንተርኔት ስትለቅም ሰነበተች። ጠዋት ልጆቻችንን አድርሰን በሩ ላይ ስንገናኝ ስልኳን አውጥታ ታሳየኛለች። ይኼኛው ጓሮው ውስጥ መጫወቻ አለው፤ እዚያኛው ቤት ልጆች የገዛ ፒዛቸውን ይጋግራሉ፤ አንዱ ደግሞ ልጅ ሲያለቅስ ፊቱን የሚያጠቁር አስተናጋጅ የለበትም ይባላል። እኔም የገባኝ መስዬ "ደስ ይላል" እላታለሁ።

ሴትዮዋ ሐኪም ናት። ሰላምታዋ ሞቅ ያለ ነው፣ ልጄንም እንደ ልጇ ነው የምታያት። እኔ ግን አጠገቧ ስቆም መላ ሰውነቴ ይጠነቀቃል። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ ከሺፍት በቀጥታ የመጣሁ እንደሆነ ዩኒፎርሜን በኮት ሸፍኜ፣ እስከ አንገቴ ቆልፌ ነው የማናግራት። እንዲህ አድርጊ ያለኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን፣ ልጆቹ እንዲለምዱት እዚሁ ሜልበርን አንድ የጣሊያን ቤት አብረን ምሳ ብንበላስ አለችኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እዚህ አገር ሃያ አምስት ዓመት ስኖር ከሐበሻ ውጭ የሆነ ሰው "አብረን እንብላ" ሲለኝ ብዙ ጊዜ አልገጠመኝም። "ቡክ የማደርገው እኔ ነኝ" ብዬ ተሽቀዳደምኩ። ስንትና ስንት ግምገማ አንብቤ፣ ቤተሰብ የሚያዘወትረው አንድ ቤት መረጥኩና ለእሁድ ቀን ቡክ አደረግሁ። ለልጆቼ አዲስ ልብስ ገዛሁ። የዘጠኝ ዓመቷን ልጄንና የአምስት ዓመቱን ወንድሟን ሹካ አያያዝ ሳለማምዳቸው ሳምንቱ አለቀ።

ለአባቴ አልነገርኳቸውም።

አባቴ አስኮት ቬል፣ የመንግሥት ቤቶቹ ሕንፃ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። እሳቸው ሲሰደዱ እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ፎቶአቸውን እያሳየች "አባትሽን አንቱ በዪ" ብላ አሳደገችኝ። እሷ ካረፈች በኋላ ወደዚህ ሲያስመጡኝ አሥራ አራት ሞልቶኝ ነበር። ኤርፖርት ላይ ያቀፉኝ ሰው ፎቶውን አይመስሉም ነበር። ያን ጊዜ የጀመርነው መከባበር እስካሁን አልለቀቀንም፤ ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ፣ ያለፉበትንም ጠይቄያቸው አላውቅም። ከኢትዮጵያ ወጥተው ሱዳን፣ ከሱዳን ሮም፣ ከሮም አውስትራሊያ መምጣታቸውን ብቻ አውቃለሁ። ሮም ለእኔ እሳቸው ያልነበሩባቸው ዓመታት ስም ነበር። ልጆቼ ግን "አንተ" ይሏቸዋል፣ ጉልበታቸው ላይ ይወጣሉ፣ እሳቸው በአማርኛ ሲያወሯቸው እነሱ በእንግሊዝኛ እየመለሱ ሰዓታት ይቀመጣሉ።

እሁድ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ዌስት ፉትስክሬይ ያለው ቤታችን በር ተንኳኳ። አባቴ ነበሩ። ከቅዳሴ እንደወጡ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው በመኪናው አድርሷቸዋል። ቡናማ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ከላይ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው።

"ጣሊያን ቤት ልትሄዱ ነው አሉ" አሉኝ። "ልጅቷ በስልክ ነግራኝ ነው።"

ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ባለቤቴ ዌሪቢ መጋዘን ሥራ ላይ ስለነበረ መኪናው ውስጥ ቦታ የለም ማለት አልችልም። "ይግቡ" አልኳቸው እንጂ ምሳው ያን ጊዜውኑ ተበላሽቶብኝ ነበር። መንገድ ላይ፣ ምግብ ቤቱ ሙቀት ስላለው ነጠላውን መኪናው ውስጥ ቢተዉት እንደሚሻል ነገርኳቸው። ምክንያቱ ሙቀት እንዳልነበረ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። አወለቁት፣ አጣጥፈው የኋላ ወንበር ላይ አኖሩት።

ቤቱ ግምገማው እንዳለው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ልጆች የሚስሉበት ነጭ ወረቀት ተዘርግቷል፣ ብርጭቆ ሙሉ ባለ ቀለም እርሳስ ተቀምጧል፣ ከዚህም ከዚያም ሕፃናት ይንጫጫሉ። ሐኪሟ ተነስታ አባቴን በሁለት እጇ ጨበጠቻቸውና አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበችላቸው። እኔ ቀደም ብዬ "ግድግዳው ጋ ይመቻቸዋል" አልኩና ጥግ አስያዝኳቸው።

ምግቡ ሲመጣ አባቴ ቆመው ጸሎት አደረጉ። ረዘም ያለ ጸሎት ነበር። ሐኪሟም ልጇም ሹካቸውን አስቀምጠው ጠበቁ፤ እኔ ሳህኔን እያየሁ "ይብቃዎት" እያልኩ በልቤ እለምናለሁ። ከተቀመጡ በኋላ ፓስታውን በሹካ ጠቅልለው መጀመሪያ ለልጄ አጎረሷት፣ ቀጥለው ለትንሹ። ከዚያም የሐኪሟ ልጅ ስታያቸው አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እሷ ዘረጉ። ልጅቷ እየሳቀች አፏን ከፍታ ነበር። እኔ እጃቸውን ያዝኩት። አንጓቸውን ጭብጥ አድርጌ ወደ ሳህናቸው መለስኩት። ፓስታው ወረቀቱ ላይ፣ ልጆቹ የሳሉት ቤት ላይ ወደቀ።

"እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም" አልኳቸው በአማርኛ፣ እየፈገግኩ፣ ሐኪሟ ሌላ ነገር የተናገርኩ እንዲመስላት።

አባቴ የወደቀውን በናፕኪን ለቀም አድርገው አነሱ።

ትንሽ ቆይቶ ሐኪሟ ስልኳን አውጥታ ዝርዝሯን ማንበብ ጀመረች። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ አንድ ቤት ጠቀሰችና ለልጆች የሚሆን ስለመሆኑ እርግጠኛ አለመሆኗን ነገረችን። አባቴ ሹካቸውን አስቀመጡ። በዝግታ በሚናገሩት እንግሊዝኛቸው፣ ጣቢያው አካባቢ በር ላይ የምግብ ፎቶ የለጠፈ ቤት ካየች እንዳትገባ፣ ይልቅ ወደ ውስጥ ሁለት መንገድ ገብታ አሮጊቶች ተቀምጠው የሚበሉበትን ቤት እንድትፈልግ መናገር ጀመሩ። ሐኪሟ ወደ እሳቸው ዘንበል አለች።

እኔ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ታየኝ። ስደተኛ ነበርኩ ሊሉ ነው፤ ሰልፉን፣ የእርዳታ ልብሱን፣ ሁሉንም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሊዘረግፉት ነው ብዬ ደነገጥኩ። አቋረጥኳቸው።

"ይቅርታ አድርጊላቸው" አልኳት በእንግሊዝኛ። "አባቴ ምግብ ቤት የመግባት ልምድ የላቸውም።"

አባቴ እንግሊዝኛ በደንብ ይሰማሉ። ይህን እያወቅሁ ነው የተናገርኩት።

ከዚያ በኋላ ዝም ብለው በሉ። ፓስታውን ያለ ማንኪያ እርዳታ፣ ያለ ቢላ፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ሹካውን እያሽከረከሩ፣ አንዲት ጠብታ ሳልሳ ሸሚዛቸው ላይ ሳታርፍ ሲበሉ አየሁ። ለብዙዎቻችን የሚያስቸግረን ነገር ነው። አየሁት እንጂ ምንም አላሰብኩም።

ትንሹ ልጄ እንቅልፍ ሲጥለው አባቴ ተነሱ። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አገጣጠሙ፣ መደገፊያዎቹ ግራና ቀኝ ግድግዳ እንዲሆኑለት አድርገው ልጁን አጋደሙትና ኮታቸውን አለበሱት። ይህ ሁሉ ከደቂቃ አልበለጠም። ሳህን ልታነሳ የመጣችው አሮጊት ጣሊያናዊት ይህን አይታ በቋንቋዋ አንድ ነገር አለቻቸው። አባቴም በቋንቋዋ መለሱላት። አሮጊቷ ሳቀች፣ ትከሻቸውን መታ አድርጋ ሄደች።

ሐኪሟ ጣሊያንኛ ይችሉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አባቴ ከመመለሳቸው በፊት እኔን አዩኝ። ልናገር ወይስ ልተው የሚል አስተያየት ነበር። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው፣ የወለዷትን ልጅ ፈቃድ ሲጠይቁ ማለት ነው።

"ትንሽ" አሏት። "ድሮ ነው።"

ስንመለስ አባቴ ከፊት፣ ከእኔ ጎን ተቀምጠዋል። ልጄ ከኋላ ሆና በእንግሊዝኛ፣ አባባ ምግብ ቤት ገብቶ አያውቅም ያልሽው ለምንድን ነው ስትል ጠየቀችኝ። ሮም ውስጥ ሁለት ዓመት ምግብ ቤት ሠርቶ የለም እንዴ፣ መጀመሪያ ዕቃ አጣቢ፣ በኋላ አስተናጋጅ ሆኖ? እሷ ታውቃለች። ወንድሟም ሳያውቅ አልቀረም። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

አባቴ በመስኮቱ እያዩ "ልጅ ናት፣ ተያት" አሉኝ።

አልቆጣኋትም ነበር። እሳቸው ግን የሚከላከሉት እኔን ነበር።

ሦስት ቀን ስልክ አልደወልኩላቸውም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከሥራ ወጥቼ አስኮት ቬል ሄድኩ። የምናገረውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር፤ በሩን ሲከፍቱልኝ ግን የቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

"አባባ፣ አፍሬብዎት ነበር።"

"አይቻለሁ" አሉ።

ወንበር ሰጡኝ። እሳቸው ቆመው ቀሩ፤ መስኮቱ ጋ።

"ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ናት" አሉኝ። "ልጆችሽ የሚያድጉት ከነሱ ጋር ነው። እንዳላበላሽብሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ፤ እሳቸውም እንደ እንግዳ ሰው ውሃ አምጥተው ሰጡኝ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለሐኪሟ እውነቱን ነገርኳት። ዩኒፎርሜን ሳልሸፍን ነበር የሄድኩት፤ ይህም ጀግንነት መስሎኝ ነበር። ሰማችኝና፣ ያን ዕለት አባቴ ጀምረው የተዉት ነገር ሲያሳስባት እንደሰነበተ ነገረችኝ። እሳቸው ከፈቀዱ ሄጄ ልጠይቃቸው አለች። ፈቀዱ።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ቤት አራት ሆነን ሄድን፤ ሐኪሟ፣ እኔና ሁለቱ ሴቶች ልጆች። አባቴ በእንግሊዝኛ አወሩላት። ሮም የሠሩበት ምግብ ቤት ባለቤት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። እሁድ እሁድ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ይበላሉ። ለልጅ ሙሉ ሳህን አታዘዢ፣ ግማሽ አድርጉልኝ በያቸው፣ አይከፋቸውም አሏት። ልጅሽ ብትጮህም ይቅርታ አትጠይቂ፣ እዚያ ልጅ ይጮኻል አሏት። ሕፃናቱ እንቅልፍ ሲጥላቸው ሁለት ወንበር እየገጠሙ የሚያስተኙት እሳቸው ነበሩ፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አትሰጥም ነበር።

"ለምን ለእርስዎ ብቻ?" ብላ ሐኪሟ ጠየቀቻቸው።

"አዲስ አበባ የሦስት ዓመት ልጅ ትቼ እንደመጣሁ ነግሬያት ነበር" አሏት።

ሐኪሟ ማስታወሻዋ ላይ መጻፉን አቆመች። እኔን ግን አላየችኝም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ። ከአባቴ አፍ ስለ ራሴ ይህን ስሰማ፣ ጠያቂዋ ከተዋወቀቻቸው ሁለት ሳምንት ያልሞላት ሴት ነበረች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያን ጥያቄ እኔ ልጠይቅ እችል ነበር።

ሐኪሟ ሮም ደርሳ ተመለሰች። አሮጊቶች ያሉበትን ቤት ፈልጋ እንዳገኘች፣ አስተናጋጁም ልጇን አቅፎ ማድ ቤት ድረስ እንዳስጎበኛት ለአባቴ ደውላ ነገረቻቸው። አሁንም ትደውልላቸዋለች። ቤታቸው ስትሄድ ለልጇ ፓስታ ያበስሉላታል፣ ያጎርሷታልም። ልጄ ናት የነገረችኝ፤ እኔ በነበርኩበት አድርገውት አያውቁም።

ያን እሁድ የበላንበትን ምግብ ቤት ሦስት ጊዜ ቡክ አድርጌ ጠርቻቸዋለሁ፤ አንዴ ለልደታቸው፣ አንዴ ለአባቶች ቀን፣ አንዴ ያለ ምክንያት። አንዱን ጊዜ ለቅሶ መድረስ ነበረባቸው። ሌላ ጊዜ ጉልበታቸውን አመማቸው። በሦስተኛው "እናንተ ሂዱ፣ ልጆቹን ደስ ይበላቸው" አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅያሜ ፈልጌ አጣሁ። ሄድን፤ ልጆቹ ወረቀቱ ላይ ሲስሉ ዋሉ፤ አስተናጋጇ አሮጊት አባትሽስ ብላ ጠየቀችኝ። "ደኅና ናቸው፣ ዛሬ አልተመቻቸውም" አልኳት።