የአባቴ የክርስትና ልጅ

እንጦጦ ከተማ ሲሆን ጥዱን የጣለው መጥረቢያ አብዛኛው ከአባቴ እጅ የወጣ ነው። ወልደ ሐዋርያት ይባላል፤ የካ ግርጌ ብረት ሲቀጠቅጥ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ሲፈልጉት «ባለ እጁ» ይሉታል፤ ሥራቸው ሲያልቅላቸው «ቡዳው»! ጾም የማያጎድል፣ ቅዳሴ የማያስታጉል ሰው፣ ቡዳ! ኤዲያ!

ኢዶሳ ጎረቤታችን ነበር። አማርኛ አያውቅም፣ አልተጠመቀም። መንደሩ ሲስቅበት ይውላል፤ ያረደውንም የሚቀምስለት የለም። አባቴ አንጀቱ አልቻለም፤ ከወናፉ አጠገብ አስቀምጦ አማርኛ አስተማረው። ሊጠመቅ ሲል የሚያነሳው ቢጠፋ፣ አባቴ ራሱ ክርስትና አነሳው። ከዚያማ ትናንት የሳቀበት ሁሉ ሥጋውን በላ፤ የሚካኤል ማኅበርም አስገቡት። አባቴን ያው ማኅበር ሃያ ዓመት ደጅ አስጠንቶታል።

«ማኅበሩን የማወጣበት ተራ ሲደርሰኝ፣ ከጎኔ ነው የማስቀምጥዎ፣ አባቴ» አለው ኢዶሳ፣ በሚካኤል ምሎ።

አባቴ በዚህች ቃል ስድስት ወር ኖረ። ሌላ ምንም አልተመኘም፤ አንድ ቀን ከሰው መሐል ተቀምጦ ጽዋ መቅመስ ብቻ።

ቀኑ ደረሰ። ጋቢውን አጥቤ አለበስኩትና አብረን ሄድን። ኢዶሳ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ውስጥ ቦታ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ!

«አባቴ፣ አይቀየሙኝ፤ ሰዎቹ እንቢ አሉ። እዚህ አጥሩ ጥግ ይሁንልዎ» ብሎ በሰባራ ቅል ጠላ አቀረበለት።

«ምን ጎደለኝ፣ ልጄ?» አለ አባቴ። «አንተን ያስናቀህ ቋንቋህ ነበር፣ ተማርክ። እምነትህ ነበር፣ ተጠመቅህ። እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የተወለድኩት። ምን ልጨምር?»

«አጥንትዎ ነዋ» አለ ኢዶሳ።

አጥንት! ይህንን የሚናገርበትን አማርኛ ማን አስተማረውና ነው? አባቴ ቅሉን ሳይቀበል ወደ ቤት ተመለስን።

ሰኔ ላይ ማረሻው ዶለደመበትና ኢዶሳ መጣ፣ አያፍር! «አባቴ» ሲለው እሳት ሆንኩ። «ውጣልን ከደጃችን!» አልኩ። አባቴ ግን በእጁ ዝም አሰኘኝና ቀጠቀጠለት። ሲጨርስ ኢዶሳ እጁን ዘረጋ፤ አባቴ ማረሻውን መሬት ላይ አስቀመጠለት።

«አንሳው፤ እጄ እንዳይነካህ» አለው።

ከዚያ ወደ ጓዳ ገባ። አባቴ ሲያለቅስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።