ካፖርት ይዞ አዳማ

የወጣሁ ዕለት ማታ ለእህቴ ልጅ ለሊያ «አዳማ ለሥልጠና መሄዴ ነው» አልኳት። እኛ ሰፈር፣ ኮተቤ፣ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ጉዞ አይወራም፤ ያወራ ሰው ቪዛው እንደ ቅጠል ይረግፋል። እኔማ እንኳን ለጎረቤት ለራሴም አልነገርኩት። ሊያ ግን የዚያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስኳር ማን እንደሰረቀ ከጉንዳኑ ሰልፍ የምታውቅ ልጅ ናት። ሻንጣዬን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ጋሽዬ፣ አዳማ ይበርዳል እንዴ?»

«ምነው?»

«ካፖርት ይዘሃላ። በርበሬውስ? አዳማ በርበሬ ጠፋ?»

እህቴ ሳቋን ልትደብቅ ጓዳ ገባች። ሃያ ዓመት ሙሉ ኮራጅ ተማሪ ስይዝ የኖርኩት መምህር በአንድ ካፖርት ተያዝኩ።

ያኔ ስለ ራሷ ስለ ሊያ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነበር። ስሟን ብቻ ቀይሬያታለሁ። እንጦጦ ሥር የምትኖር ትንሽ ልጅ፣ ከቤተ ክርስቲያን የጠፋውን የዕቃ ቤት ቁልፍ ማን እንደወሰደው ትመረምራለች። እያንዳንዱን ምዕራፍ ለሊያ አነብላት ነበርና መጽሐፉን አስባ ከፋት።

«የመጨረሻውን ምዕራፍ እዚሁ ቁጭ ብዬ አነብልሻለሁ» አልኳት።

«ማል» አለች። ማልኩ።

ስዊድን ገባሁ። ስለ ብርዱ አላጋንንም፤ ምራቅ ብትተፋ መሬት ሳይደርስ ጠጠር ይሆናል። ሐምሌ ላይ እንጦጦን ያማሁበትን ሁሉ ይቅር ይበለኝ። ባሕር ዛፍ የለም። ጥድ ሞልቷል፤ ጥዱም እንደ ሰዉ ዝምተኛ ነው።

አከራዬ ኢንግሪድ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን ሽንኩርት ሳቁላላ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ አላርም ጮኸ። እየሮጡ መጡ።

«ምን ተቃጠለ?»

«ምንም። ወጥ እየሠራሁ ነው።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ሊጮህ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ዳቦ በዓሣ እበላለሁ። ዓሣውም ጣፋጭ ነው፤ ስኳር ገብቶበት።

የስደተኞች ቢሮ ውስጥ ደግሞ በአስተርጓሚ ጠየቁኝ።

«ሥራዎ ምን ነበር?»

«መምህር ነኝ። ደራሲም ነኝ።»

«ስንት መጽሐፍ አሳትመዋል?»

«አንድም። አንዱን ግን እየጻፍኩት ነው።»

«መቼ ያልቃል?»

«እናንተ ፋይሌን ስትጨርሱ።»

አስተርጓሚው አየኝና «ይህን አልተረጉመውም፣ ወንድሜ» አለኝ።

ቀልድ አልነበረም። ፋይሉ ሳያልቅ ከአገሩ ብወጣ ይዘጋብኛል፤ መጽሐፉን ብጨርስ ደግሞ መሐላዬ ኮተቤ ይጠራኛል። ስለዚህ ምዕራፍ በምዕራፍ ላይ እየደረብኩ በቴሌግራም ለሊያ እልካለሁ። ሌባው ሊያዝ ሲል አዲስ ተጠርጣሪ አመጣለሁ። እንጨት ለቃሚዋን ጠረጠርኩ፣ ዳቦ ሻጩን ጠረጠርኩ፤ ምዕራፍ ሃያ ሦስት ላይ አንድ አውራ ዶሮ ሳይቀር ተጠርጥሯል።

ባለፈው እሑድ ደወለች። አሁን አሥራ ሦስት ሞልቷታል።

«ጋሽዬ፣ ልጅቷ ረቡዕ ቀን ጥብስ በላች።»

«በዓለ ሃምሳ ነዋ። ጾም የለም።»

«በዚያው ቀን ጠዋት እንጦጦ ላይ አደይ አበባ ቀጥፋለች። አደይ የመስከረም ነው።»

እዚህ ረቡዕና ማክሰኞ አንድ ናቸው፤ ሥጋ ቤቱ በሁለቱም ክፍት ነው። ጾሙ ከአፌ ብቻ ሳይሆን ከብዕሬም እንደጠፋ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ድሮ እንዲህ አትሳሳትም ነበር» አለች፤ ቀስ ብላ። «ደግሞ ቁልፉን የወሰደው ዘበኛው ነው። ምዕራፍ ስምንት ላይ መዳፉ ዝገት ነበረው። አንተም ታውቃለህ።»

«ካወቅሁ ለምን አልጨርሰውም?»

«ከጨረስከው መምጣት አለብህ። መምጣት ደግሞ አትችልም።»

እህቴ ከኋላ «ምን አልሽው አንቺ ልጅ?» ስትል ይሰማኛል።

«እውነቷን ነው» አልኩ። «የመጨረሻውን ምዕራፍ ከጻፍኩት ቆየሁ።»

«ታዲያ ላከዋ። መሐላውን ትቼልሃለሁ።»

«እኔ አልተውኩትም። እዚያው ቁጭ ብዬ ነው የማነብልሽ።»

«የት አስቀመጥከው?»

«ካፖርቴ ኪስ ውስጥ።»

«ካፖርቱስ ይሞቃል?»

«እንደ አዳማ» አልኳት።